«ቀጭ» ብሎ ዝም የሚል ላንድክሩዘር፦ የሞተሪኖ ምርመራና ቅየራ ለእንስሳት ነጋዴዎች

በቦረናም ሆነ በሶማሌ ክልል የእንስሳት ገበያዎች የተለመደ ነገር ነው። ፍየል ሊጭን የመጣው አሮጌ ላንድክሩዘር ከጠዋት ጀምሮ ሞተሩ አልጠፋም። ጭነቱ ሲቆጠር፣ ሂሳቡ ሲከፈል፣ ሾፌሩና ረዳቱ ሻይ ሲጠጡ መኪናው እየጮኸ ይቆማል። ለምን አታጠፋውም ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ «ካጠፋሁት አይነሳም፣ ባትሪው ደክሟል»። ባለንብረቱ ይህን ሰምቶ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ትንሽ ቆይቶ መኪናው ያንኑ ጠባዩን ይደግማል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የደከመው ባትሪው ሳይሆን ሞተሪኖው ነው።

ለሌላ ሰው የማይነሳ መኪና የግማሽ ቀን ብስጭት ነው። ለእንስሳት ነጋዴ ግን ከዚያ ይበልጣል። በእንቅስቃሴ ላይ ያለ መኪና ነፋስ ያስገባል፤ የቆመ መኪና ደግሞ የእንስሳቱን የራሳቸውን ሙቀት አፍኖ ይይዛል። ፍየሎቹ ተጨናንቀው ያለከልካሉ፤ በሬ ከሆነ ደክሞ ይተኛና በሌሎቹ ይረገጣል። ያልሞተውም ቢሆን ውሃውና ክብደቱ ይወርዳል፤ ኪሎውን የሚያጣው ደግሞ ሻጩ ነው። ሞተሪኖ የሚያስቸግረውም ገበያ ላይ ብቻ አይደለም፤ ነዳጅ ማደያ፣ የእንስሳት ጤና ኬላ፣ የጉምሩክ ፍተሻ፣ በአጠቃላይ «ሞተር አጥፋ» በሚባልበት ቦታ ሁሉ ነው።

እዚህ የምንወስደው መኪና በአካባቢያችን ብዙ አንባቢ የሚያውቀውን ባለ 6 ሲሊንደር 4.2 ሊትር ናፍጣ ላንድክሩዘር ነው። ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ይህ ሞተር ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተሠራ የመጣ ሲሆን ከያቤሎ እስከ ጋሪሳ፣ ከጅግጅጋ እስከ ሐርጌሳ ይገኛል። የሚገጠምለት የዴንሶ ሞተሪኖ ጠንካራ ነው። የሚበላሽበት መንገድም የታወቀ ስለሆነ ምርመራው ከባድ አይደለም። መርሁን ያወቀ ሰው ለሂሉክስም ሆነ ለሌላ አሮጌ መኪና ይጠቀምበታል።

ቁልፉ ሲዞር ምን ይሆናል?

ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሪኖው ላይ ወዳለው ሶሌኖይድ በቀጭን ገመድ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሄዳል። ሶሌኖይዱ ማግኔት ሆኖ በውስጡ ያለውን ብረት ይስባል። ያ ብረት ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። በአንድ በኩል ፒኞኑን ገፍቶ ከቮላኖው ጥርስ ጋር ያጋጥመዋል፤ በሌላ በኩል ጫፉ ላይ ያለው የመዳብ ሳህን ሁለት የመዳብ ኮንታክቶችን ያገናኛል። በዚያች ቅጽበት ከባትሪው በወፍራሙ ገመድ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ያልፍና ሞተሪኖው ይሽከረከራል። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ የዚያ ብረት መመታት ነው።

ስለዚህ ድምፁ ብቻውን ብዙ ይናገራል። አንድ ጠንካራ «ቀጭ» ተሰምቶ ሞተሩ ካልዞረ፣ ትእዛዙ ከቁልፉ ደርሷል፣ ብረቱም ተስቧል፤ ወፍራሙ ኤሌክትሪክ ግን አላለፈም። «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ እንደ ጥይት የሚደጋግም ከሆነ ባትሪው ባዶ ነው ወይም የባትሪው ገመድ ላልቷል። ምንም ድምፅ ከሌለ ነገሩ በቁልፉ፣ በፊውዙ፣ በሪሌው ወይም በቀጭኑ ገመድ በኩል ይፈለጋል። ሞተሪኖው «ዝዝዝ» ብሎ በፍጥነት ዞሮ ሞተሩን ካላንቀሳቀሰ ፒኞኑ ላይ ያለው የአንድ አቅጣጫ መያዣ ተንሸራቷል ማለት ነው። የብረት መፋጨት ከተሰማ ደግሞ የፒኞኑ ወይም የቮላኖው ጥርስ ተበልቷል። ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ ሁልጊዜ ሊቆምባቸው የሚወዳቸው 3 ቦታዎች አሉት፤ ጥርሱም በእነዚያ ቦታዎች ቀድሞ ያልቃል። መኪናው አንዳንዴ እየተፋጨ ሌላ ጊዜ በሰላም የሚነሳው ለዚህ ነው። የቮላኖው ጥርስ ካለቀ ካምቢዮ ይወርዳል፤ ያ ሥራ የጋራዥ ነው።

ከሁሉም ቀላሉ ፈተና የፊት መብራት ነው። ማታ ወይም ጥላ ውስጥ መብራቱን አብርተው ረዳቱ ቁልፉን ያዙር። መብራቱ ጭልጭል ብሎ ሊጠፋ ከደረሰ ኃይል አንሷል፤ ባትሪውንና ገመዱን ይመልከቱ። መብራቱ ሳይነቃነቅ «ቀጭ» ብቻ ካለ ግን ባትሪው ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ያለው ሞተሪኖው ውስጥ፣ በአብዛኛውም ኮንታክቶቹ ላይ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ደቂቃ ይበቃል። አዲስ ባትሪ ከመግዛቱ በፊት ይህን የሚሞክር ባለንብረት ግን ጥቂት ነው።

ቴስተር ያለው ሰው ከዚህ አልፎ መሄድ ይችላል። መኪናው ካደረ በኋላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቻርጅ ይደረግ፣ ያኔ ምርመራው ይጀመር። ከዚያ ካምቢዮው ዜሮ ላይ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ በናፍጣ ፓምፑ ላይ ያለችውን የነዳጅ መዝጊያ ገመድ ነቅለው ቁልፉን ያዙሩ፤ ሞተሩ ሳይነሳ ይዞራል። በዚህ ጊዜ ባትሪው ላይ የሚነበበው ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። ቁልፉን ከ10 ሰከንድ በላይ አይያዙ፤ በየመሐሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያሳርፉት፤ ሞተሪኖ የሚቃጠለው በብዛት በዚህ ትዕግሥት ማጣት ነው።

የሽንት ነገር

አሁን ለእኛ ንግድ ልዩ ወደሆነው ነገር እንምጣ። እንስሳት የሚጭን መኪና ሌላው መኪና የማያውቀው ጠላት አለው። ሽንትና እበት ከካሶኑ ወለል እየተንጠባጠበ ሻንሲው ላይ፣ የማሳ ገመዱ ላይ፣ የሞተሪኖው ገመድ ላይ ይወርዳል። ጨውና አሞኒያ ያለበት ፈሳሽ መዳብን ይበላል። ከላይ ሲያዩት ጎማው ጤነኛ የሆነ ገመድ ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ይገኛል። ከማራገፊያ በኋላ መኪናው በኃይለኛ ውሃና በማጽጃ ኬሚካል ሲታጠብም ውሃው ወደ ሞተሪኖው ይገባል። መታጠቡ ለበሽታ መከላከል የግድ ነው፤ አይቅር፤ ውሃው በቀጥታ ሞተሪኖው ላይ እንዳይረጭ ማድረግ ግን ይቻላል።

ስለዚህ ሞተሪኖውን ከመውቀስ በፊት ገመዶቹ ይለኩ። የቴስተሩን ቀይ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ እንጨት ላይ፣ ማለትም በመያዣው ላይ ሳይሆን በራሱ በእርሳሱ ላይ ያድርጉ፤ ጥቁሩን ደግሞ ሞተሪኖው ላይ ወፍራሙ ገመድ በታሰረበት ቡሎን ላይ። ረዳቱ ቁልፉን ሲያዞር ከግማሽ ቮልት በላይ ከተነበበ ያ ሁሉ ኃይል ገመዱ ውስጥ እየባከነ ነው። በማሳው በኩልም እንዲሁ ነው፤ ከሞተሪኖው አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ሲለካ ከ0.3 ቮልት ካለፈ ማሳው ተበላሽቷል። ሞተሪኖው ሳይዞር «ቀጭ» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ይህ ልኬት ብዙ አይናገርም፤ ኃይል ካላለፈ ገመዱ ቢበላሽም ቴስተሩ ምንም አያሳይም። ሞተሩ እየከበደው በሚዞርበት ጊዜ ነው የሚጠቅመው።

ቴስተር የሌለው ሰው በእጁ ይለካል። ሞተሪኖው ጥቂት ከተሞከረ በኋላ ገመዱንና መያዣውን በጥንቃቄ ይዳስሱ፤ የሞቀው ቦታ የታመመው ቦታ ነው። ነጩን ጨው በሙቅ ውሃ አጥቦ፣ በብረት ብሩሽ አጽድቶ፣ አጥብቆ ማሰር ብቻውን ስንቱን መኪና ከጋራዥ አድኗል።

ቀጭኑም ገመድ አይረሳ። በአሮጌ ላንድክሩዘር ከባትሪ እስከ ቁልፍ፣ ከቁልፍ ተመልሶ እስከ ሞተሪኖ የሚሄደው መስመር ረጅም ነው፤ የቁልፉ ውስጠኛ ክፍልም በዘመን ብዛት ያልቃል። ቁልፉ ሲዞር ሶሌኖይዱ ላይ የሚደርሰው ኃይል ደካማ ከሆነ ብረቱ በግማሽ ልብ ይሳባል ወይም ጨርሶ አይሳብም። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አንድ ሪሌ ጨምሮ ከባትሪው በአጭር መንገድ ኃይል እንዲደርሰው ያደርጋል፤ ቁልፉም ያርፋል። ርካሽና ዘላቂ ሥራ ነው።

ብዙ ሾፌር በካቻቢቴ ወፍራሙን ቡሎንና የሶሌኖይዱን ቀጭን ተርሚናል አገናኝቶ ያስነሳል። ለምርመራ ይጠቅማል፤ በዚህ መንገድ ከዞረ ሞተሪኖው ደህና ነው፣ ጥፋቱ በቁልፉ በኩል ነው ማለት ነው። ነገር ግን መኪናው ማርሽ ውስጥ ከሆነ በዚያው ቅጽበት ይንቀሳቀሳል፤ አገናኙ ሰው ደግሞ ከጎማው ፊት ተኝቷል። ካምቢዮው ዜሮ መሆኑን የሚያረጋግጠው ካቻቢቴውን የያዘው ሰው ራሱ ነው፤ በሌላ ሰው ቃል አይታመን።

ማውረድና መክፈት

ምርመራው ሞተሪኖውን ካመለከተ ሥራው የሚጀምረው የባትሪውን ኔጌቲቭ በመፍታት ነው። በሞተሪኖው ላይ ያለው ወፍራም ገመድ ከባትሪው በቀጥታ የመጣ ስለሆነ ቁልፍ ቢጠፋም ኃይል አለበት፤ መፍቻው በአንድ በኩል ገመዱን በሌላ በኩል ሻንሲውን ከነካ ይበየዳል። ቀለበትና የብረት ሰዓትም ይውለቅ። ወፍራሙን ገመድ ተከትለው ሞተሪኖውን ያገኙታል። ገመዶቹ ይፈቱ፣ ከዚያ ከካምቢዮው ጋር የያዙት ረጃጅም ቡሎኖች። ለላይኛው ቡሎን ረጅም ማስረዘሚያ ያለው መፍቻ ያስፈልጋል፤ ለዓመታት ያልተፈታ ከሆነ ከማታ ጀምሮ ዝገት ማላቀቂያ ይረጭበት። የናፍጣ ሞተሪኖ ከባድ ነው። የመጨረሻው ቡሎን ሲወጣ ሰው ከታች ይዞት ካልሆነ የሚያርፈው ፊት ላይ ነው።

ከወረደ በኋላ ብዙ ባለንብረት በቀጥታ ወደ ገበያ ሄዶ ሙሉ ሞተሪኖ ይገዛል። ይቆዩ። በዴንሶ ሞተሪኖ «ቀጭ» ብሎ ዝም የማለት በሽታ ሲኖር በመጀመሪያ የሚታየው ሶሌኖይዱ ነው። ክብ ክዳኑን የያዙት ጥቂት ትናንሽ ቡሎኖች ሲፈቱ ብረቱ ከነመዳብ ሳህኑና ከነስፕሪንጉ ይወጣል። ውስጡ ሁለቱ ኮንታክቶች ይታያሉ። መኪናው በተነሳ ቁጥር በመካከላቸው ብልጭታ ስለሚፈጠር መዳቡ ትንሽ በትንሽ ይበላል፤ ብዙ ጊዜ በባትሪው በኩል ያለው ከሌላው ቀድሞ ያልቃል። በዚህን ጊዜ ሳህኑ አንዱን ነክቶ ሌላውን አይደርስበትም። ሾፌሩ ቁልፉን አሥር ጊዜ አዙሮ በአሥራ አንደኛው የሚነሳለት ሳህኑ በዕድል ትንሽ ዞሮ ያላለቀ ጎኑ ስለሚነካ ነው።

መፍትሔው ሁለቱንም ኮንታክቶችና፣ ሳህኑ ከተቦረቦረ፣ ብረቱንም አብሮ መቀየር ነው። ዋጋቸው ከሙሉ ሞተሪኖ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የሚጠይቀው ጥንቃቄ አንድ ነው፤ ሁለቱ ኮንታክቶች በእኩል ከፍታ ተስተካክለው ይቀመጡ፤ አንዱ ካዘነበለ አዲሱም ቶሎ ይበላል። አንዳንድ ባለሙያ ያለቀውን ኮንታክት ገልብጦ ወይም መዳብ በይዶ ይመልሰዋል። መንገድ ላይ ለመውጣት ያዋጣል፤ ለሐጅ ወቅት ሥራ ግን አላምነውም።

ሞተሪኖው በመዶሻ እጀታ ሲነካ የሚነሳ ከነበረ ካርቦኖቹ አጥረዋል፤ ስፕሪንጉ ከእንግዲህ አይጫናቸውም። እነሱም ለብቻቸው ይቀየራሉ። የሚሽከረከረው ክፍል ከጎኑ ጋር ተፋግቶ ከተጫረ ኩሽኔታው አልቋል። ሽቦው ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ግን ጥገናው ዋጋ የለውም፤ ያኔ ነው ሙሉ ሞተሪኖ የሚገዛው። ሲጸዳ በናፍጣ ወይም በቤንዚን አይዘፈቅ፤ የፒኞኑን መያዣ ግሪስ ያጥበዋል። ደረቅ ጨርቅና ብሩሽ ይበቃል።

ከመልሶ መግጠም በፊት መሬት ላይ ይሞከር። በእግር ወይም በሞርሳ አጥብቆ ይዞ፣ ኔጌቲቩን ከአካሉ፣ ፖዘቲቩን ከወፍራሙ ቡሎን አያይዞ ቀጭኑን ተርሚናል ለአፍታ መንካት ነው። ፒኞኑ ወደ ውጭ ዘልሎ እኩል መዞር አለበት። ሳይያዝ የተሞከረ ሞተሪኖ ዘልሎ እግር ይሰብራል፤ ከ5 ሰከንድ በላይም አይዙር። ሲገጠም የሚያርፍበት ፊት እስኪያበራ ይጽዳ፤ ሞተሪኖው ማሳውን የሚያገኘው በአካሉ በኩል ስለሆነ ዝገትና ቀለም ኃይል ይሰርቁታል። ቡሎኖቹ መጀመሪያ በእጅ ይግቡ። ኔጌቲቩ በመጨረሻ ይታሰራል።

ግዢን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ሆነ ከሻርጃ በበርበራ የሚገባው ያገለገለ ዕቃ ውስጥ ጥሩ ሞተሪኖ አለ፤ መጥፎም አለ። አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። የፒኞኑ ጥርስ ብዛት፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹ አቀማመጥ፣ ቮልቱ አንድ ይሁን። ይህ የላንድክሩዘር ሞተር በ12 ቮልትም በ24 ቮልትም ስለሚመጣ መለያውን ሳያነቡ መግዛት አደጋ ነው። ሻጩ በባትሪ እያዞረ ያሳይዎት። በእኔ ግምት በአዲስ ካርቦንና ኮንታክት የታደሰ ኦሪጅናል ዴንሶ፣ በካርቶን ከሚመጣ ርካሽ አዲስ ኮፒ ይሻላል።

አይሱዙ ያላችሁ

የአይሱዙ ኤንፒአር ባለንብረቶች ከላይ ያለው ሁሉ ይመለከታችኋል፤ ቁጥሮቹ ብቻ በሁለት ይባዛሉ፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው 24 ቮልት ይሰጣሉና። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ባትሪዎቹ ከካሶኑ ሥር በሻንሲው ጎን ስለሚቀመጡ የእንስሳቱ ሽንት የሚያገኛቸው መጀመሪያ ነው፤ ክዳናቸው አይጥፋ። ሁለተኛው፣ ለቴፕ ወይም ለስልክ ቻርጅ ብሎ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ 12 ቮልት መውሰድ ያንን ባትሪ እየገደለ ሌላውን ከልክ በላይ ያስሞላል። ከዚያ ሞተሪኖው ይወቀሳል። ሁለቱን ለየብቻ ለኩ፤ ልዩነታቸው ከጥቂት ነጥብ ካለፈ ነገሩ እዚያ ነው። ሲቀየሩም ሁለቱም አብረው ይቀየሩ።

ተጭኖ ቢቆምስ?

ሁሉም ሳይሳካ፣ ፍየል እንደተጫነ መኪናው አልነሳም ቢል የመጀመሪያው ሥራ የሞተሩ ክዳን አይደለም። የካሶኑ ሸራ ይነሳ፣ ነፋስ ይግባ፤ የተኛ እንስሳ ካለ ይነሳ። ማራገፊያ ወይም ከፍ ያለ የመሬት ጠርዝ ቅርብ ከሆነና ቆይታው ከረዘመ ማራገፉ ይሻላል፤ ውሃ ይጠጡ። ከዚያ ነው ወደ መዶሻውና ወደ ገመዱ የሚኬደው።

ማንዋል ካምቢዮ ያለው ላንድክሩዘር በቆላ ሙቀት ተገፍቶ ይነሳል፤ ባትሪው የነዳጅ መዝጊያውን የሚከፍት ያህል ኃይል ግን ሊኖረው ይገባል። ማርሹ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ይሁን፤ አንደኛ ጎማውን ይዞ ያስቆመዋል። ፍሪሲዮኑ በድንገት ከተለቀቀ እንስሳቱ ሁሉ ወደፊት ይወድቃሉ፤ ስለዚህ ረዳቱ አስቀድሞ ከካሶኑ ኋላ ሆኖ ይይዛቸው፣ ሾፌሩም ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ይልቀቅ። ወደ ኋላ በማንከባለል አይሞከር። የተጫነ አይሱዙ በሰው ጉልበት አይገፋ፤ በሌላ መኪና ይጎተት ወይም ሞተሪኖው እዚያው ይውረድ። 24 ቮልቱን አይሱዙ ከ12 ቮልት ላንድክሩዘር በገመድ ለማስነሳት መሞከርም ውጤት የለውም።

ተገፍቶ የተነሳ መኪና እስኪራገፍ ድረስ አይጥፋ። ቀጣዩ ማደያ ላይ ሞተር ማጥፋት ግድ ስለሚሆን፣ ሞተሪኖው የሚያስቸግር መኪና ነዳጁን የሚሞላው እንስሳቱን ከመጫኑ በፊት ነው።